ከመንደሩ በላይ ያለውን የአፈር ግድብ ማን ነው የሚያየው?

በሰኔ መጀመሪያ የድሬ ልጆች በምንገናኝበት የውይይት መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ለጥፌ ነበር። እስከ ወሩ መጨረሻ 34 መልስ መጣበት። ብዙ ሰው ከመሃል እየገባ ስለ ምን እንደምናወራ ሲጠይቅ አየሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ ማን ምን እንዳለ በተራ ቁጥሩ ልንገራችሁ። ረዥም ነው፤ ታገሱኝ።

የመነሻው ጥያቄ

የእናቴ ወገኖች የሚኖሩት ከድሬዳዋ በላይ፣ ወደ ደንገጎ በሚወጣው ተራራ ሥር ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። ከመንደሩ በላይ ባለው ደረቅ ወንዝ ላይ የጎርፍ መከላከያ የአፈር ግድብ አለ። ከፍታው ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ያህላል። የተሠራው ውሃ ለማጠራቀም አይደለም። ከተራራው በአንዴ የሚወርደውን ጎርፍ ይዞ፣ ከሥር ባለው ቱቦ ቀስ እያለ እንዲለቅ ነው። ጎርፍ በሌለበት ጊዜ ባዶ መሆን አለበት።

በግንቦት መጨረሻ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ አየሁት። ባዶ አይደለም። የበልጉ ውሃ ተኝቶበታል፣ ከብት ይጠጣበታል። አናቱ ላይ ወጣሁ። ከውሃው በላይ ያለው አፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ብዙው ስንጥቅ ላይ ላዩን ነው። አንዱ ግን ከውሃው ወገን ተነስቶ ግድቡን አቋርጦ ወደ መንደሩ ወገን ይሄዳል። አንድ የፍየል እረኛ ልጅ በትሩን አዋሰኝና ከተትኩት። ከአንድ ክንድ በላይ ገባ። ከታች፣ በግርጌው በኩል፣ የእንጀራ ምጣድ የምታህል እርጥብ ቦታ አለች። ዙሪያው ሁሉ ቢጫ ሆኖ እዚያ ብቻ ሣሩ ለምልሟል። ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቦይ፣ ስፒልዌይ የሚሉት፣ በድንጋይና በእሾህ ተደፍኗል።

ዘመዶቼን ማን እንደሚቆጣጠረው ጠየቅኳቸው። የሠሩት ሰዎች ሠርተው ሄደዋል አሉኝ። ከተማ ወርጄ አንድ መሥሪያ ቤት ጠየቅኩ፣ ወደ ሌላ ላኩኝ። ሌላው ወደ መጀመሪያው መለሰኝ። እና ጥያቄዬ ይህ ነበር፦ ግድቡ ውሃ ማስረግ ጀምሯልና አለቀለት ማለት ነው? ኃላፊነቱስ የማን ነው? በነሐሴ 1998 ግድብ ተደርምሶ ከተማውን በሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ፣ በደቻቱ፣ የደረሰብንን አንርሳ ብዬም ጨምሬበት ነበር።

መልስ 1

ከድሬ ከወጣ ብዙ ዓመት የሆነው ወንድም ነው። ጉዳዩን ስላነሳሁት መረቀኝ፣ መልስ ግን እንደሌለው ተናገረ።

መልስ 2

አንድ ልጅ በትህትና አረመኝ። ጎርፉ የመጣው በነሐሴ ሳይሆን ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ሌሊት ነው። ነሐሴ የሚባለው በፈረንጆቹ ኦገስት ስለሆነ ሰው እያምታታው ነው። ግድብም አልተደረመሰም። ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ ወረደ፣ የተራቆተው ተራራ ሊይዘው አልቻለም፣ ሁሉም በደቻቱ መጣ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፣ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ትክክል ነው። ስህተቴን ተቀብያለሁ። እንዲህ ዓይነት ነገር በደንብ ካልተነገረ፣ ስለ ቀጣዩም ያለን ግምት ይበላሻል።

መልስ 3

ይህችን እህት አላውቃትም፤ ጽሑፏን ግን ደጋግሜ አነበብኩት። ያን ሌሊት እሷና ቤተሰቧ ደቻቱ ዳር ነበሩ። መጀመሪያ የሰማችው የውሃ ድምፅ እንዳልመሰላት፣ ድንጋይ የጫኑ ብዙ መኪናዎች አብረው የሚመጡ እንደመሰላት ጻፈች። አጎቷንና የአጎቷን ልጅ አጥታለች። ከቤታቸው አንድ ግድግዳ ተርፏል፤ የጭቃው መስመር ከበሩ መቃን በላይ ነበር። እናቷ ቤቱ ሲታደስ ያንን መስመር ቀለም እንዳይነካው ከልክለዋል። ዛሬም አለ።

ከእሷ በኋላ ለአንድ ቀን ያህል ማንም አልጻፈም።

መልስ 4

ዕድሜያቸውን ሙሉ በመስኖና በግድብ ሥራ ያሳለፉ፣ አሁን ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። የጻፉት ረዥም ነበር፤ እኔን የጠቀመኝን ላውጋችሁ።

አንደኛ፣ ውሃ የያዘ የአፈር ግድብ ሁሉ ጥቂት ያሰርጋል። ስለዚህ እርጥብ ቦታ ማየት ብቻውን ግድቡ አለቀለት አያሰኝም። መታየት ያለበት የሚወጣው ውሃ ጥራት ነው። ጥርት ብሎ ከወጣና መጠኑ ካልጨመረ ችግር የለም። ደፍርሶ ከወጣ ግን ከግድቡ ሆድ ውስጥ አፈር ይዞ እየወጣ ነው። ያ ማለት ከውስጥ ቀጭን ዋሻ እየተቦረቦረ ነው። ዋሻው በሰፋ ቁጥር ውሃው ይፈጥናል፣ በፈጠነ ቁጥር ዋሻው ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ አይዳሆ ውስጥ ቴተን የሚባል አዲስ ግድብ እንዲህ ነው የሄደው። ጠዋት ደፍራሽ ውሃ ታየ፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ ግድቡ ተቀደደ። 11 ሰው ሞተ።

ዘዴውንም ሰጡን። ገበሬ ሊሠራው የሚችል ነው። ከግርጌው የሚወጣውን ውሃ በሃይላንድ መቅዳት። ቀኑን በላዩ መጻፍ። ጥላ ሥር አቁሞ ማሳደር። በማግስቱ ከሥር የተኛውን ጭቃ ማየት። በየሳምንቱ አንድ ሃይላንድ መሙላትና ጎን ለጎን መደርደር።

ሁለተኛ፣ ስለ ስንጥቁ። በግድቡ ርዝመት የሄደ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ጎኑ እየተንሸራተተ ወይም እየተቀመጠ መሆኑን ይናገራል። አቋርጦ የሚሄድ ስንጥቅ ግን ለውሃ የተጠረገ መንገድ ነው። እንደኛ ባለው ቆላ ደግሞ የጎርፍ ግድብ ፀሐይ ላይ ይቆምና እስከ ውስጡ ይደርቃል። ከዚያ በአንድ ሌሊት ጎርፍ ይሞላበታል። ሁልጊዜ ውሃ የያዘ ግድብ በየቀኑ እየተፈተነ ነው። ይሄኛው የሚፈተነው በዓመት አንዴ፣ ምናልባትም በአሥር ዓመት አንዴ ነው፤ ያውም በጨለማ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኛ ሳር የበቀለበትን ጉብታ አይተን የቆመ ነገር ነው ብለን እናልፋለን።

መልስ 5 እና 6

አንድ ሰው ከላይ የተባለውን እንደ ማጽናኛ ወስዶ፣ እንግዲያው ግድቡ ደህና ነው ማለት ነው ወይ ሲል ጠየቀ። ጋሼ ተመልሰው መጡ፤ በዚህኛው ትንሽ ቆጣ ብለዋል። ደህና ነው እንዳላሉ፣ የአደጋዎቹን ቅደም ተከተል ማወቅ እንደሚያስፈልግ ነገሩት። የመጀመሪያው የተደፈነው ስፒልዌይ ነው። ትርፍ ውሃ መውጫ ካጣ በአናቱ ያልፋል፣ የአፈር ግድብ ደግሞ ውሃ በአናቱ ከፈሰሰበት ከጀርባው እየተሸረሸረ በሰዓታት ውስጥ ይሄዳል። ሁለተኛው ስንጥቁ ነው። እርጥቧ ቦታ ሦስተኛ ናት።

መልስ 7

ቅን ሰው ነው። እርጥቧን ቦታ በሲሚንቶ እንድንደፍን፣ ሲሚንቶውን እሱ ከነማመላለሻው እንደሚችል ጻፈ።

መልስ 8

ጂኦሎጂ የተማረች ወጣት ናት። ብዕሯ ስለታም ነው። ከግርጌ የሚወጣን ውሃ መድፈን ከሁሉም የባሰ ስህተት መሆኑን አስረዳች። ውሃው ተደፈነ ብሎ አይመለስም። ውስጥ ለውስጥ ይጠራቀማል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ በሌላ ደካማ ቦታ ይፈነዳል። የሚደረገው ተቃራኒው ነው። እርጥቡ ቦታ ላይ መጀመሪያ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር፣ በላዩ ድንጋይ ይደረደራል። ውሃው ይውጣ፣ አፈሩ ግን ይቅር። ስንጥቁን ደግሞ ተከትሎ መቆፈር፣ እርጥብ የሸክላ አፈር በስስ በስሱ እየደለደሉ መጠቅጠቅ። ላይ ላዩን አፈር አልብሶ መሄድ ስንጥቁን ከዓይን ይደብቃል እንጂ አይዘጋውም። በመጨረሻ የጃርት ጉድጓድ፣ ኩይሳና ግድቡ ላይ የበቀለ ዛፍ አይቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጃርቱም ምስጡም ከውስጥ ይቦረቡራሉ። ዛፉ ሲሞት ሥሩ በስብሶ ባዶ ቱቦ ይተዋል።

ሁለት ግራር ነበሩበት። ጥላቸው ሥር ተቀምጬ ውሃ ጠጥቻለሁ።

ከ9 እስከ 12

እዚህ ላይ ወሬው ወደ ከተማ ወረደ። አንዱ፣ ደቻቱ አሸዋ ላይ ገበያ ተዘርግቶ የገጠር ግድብ ላይ መጨቃጨቅ እንደማይገባ ጻፈ። ሌላው በሚያዝያ 2012 በበልግ ጎርፍ መጥቶ አራት ሰው መውሰዱን አስታወሰና፣ ክረምት አልገባም ብሎ መተኛት እንደማይበጅ ተናገረ። አንዲት ነጋዴ መለሰችለት። ወንዙ ውስጥ የምትሸጠው ወዳ እንዳልሆነ፣ ቀፊራ ገበያ ቦታ ተከራይታ ልጆቿን ማሳደግ ስለማትችል እንደሆነ። እንዲያውም ሰማዩ በደንገጎ በኩል ሲጠቁር ዕቃዋን የምትሰበስበው ማንም ነግሯት ሳይሆን የሐምሌውን ሌሊት ስላልረሳች ነው። ከወንዙ ዳር ካለው የጎርፍ መከላከያ ግንብ ወዲህ ያለው ሰው ግን ግንቡን አምኖ ይተኛል ብላ ጨመረች። ይህ አባባሏ ልክ ይመስለኛል። መከላከያ ሲኖር ፍርሃት ይቀንሳል። መከላከያው ግን ዓመት በጨመረ ቁጥር እየደከመ ነው።

መልስ 13

ሊቢያ ለዓመታት ሠርታ የተመለሰች እህት ስለ ደርና ጻፈች። ደርና እንደ ድሬ መሃሏን ደረቅ ወንዝ የሚያቋርጣት ከተማ ናት። ከበላይዋ ለጎርፍ የተሠሩ ሁለት ግድቦች ነበሩ፣ ውስጣቸው የሸክላ አፈር፣ ውጫቸው ድንጋይ። የተሠሩት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ስንጥቅ እንዳላቸው እ.ኤ.አ. በ1998 ታውቆ ነበር፤ ከእኛው 1998 ጋር እንዳይምታታ። የታሰበው ጥገና ሳይጠናቀቅ ቀረ። በ2015 ጳጉሜን፣ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ በተቃረበ ሌሊት፣ ማዕበል ዝናብ አወረደ፣ ሁለቱም ሄዱ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከነሰፈሩ ባሕር ገባ። እሷ አብራቸው ትሠራ የነበረ ቤተሰብ ስልክ እስከ ዛሬ አይነሳም።

መልስ 14 እና 15

አንዱ ተቆጣ። ትንሿን የመንደር ግድብ ከደርና ጋር ማወዳደር ሰው ማሸበር ነው አለ። ጂኦሎጂ የተማረችው ልጅ በቁጥር መለሰችለት። 1 ሜትር ኩብ ውሃ 10 ኩንታል ይመዝናል። 50 ሺህ ሜትር ኩብ ብቻ የያዘ ግድብ ቢሄድ 500 ሺህ ኩንታል ነው ተራራ የሚወርደው፣ ያውም ድንጋይና ጭቃ ሳይጨመር። ኬንያ ሶላይ ላይ በግንቦት 2010 የተደረመሰው የአንድ እርሻ የአፈር ግድብ ነበር። ከ40 በላይ ሰው ገድሏል። ትንሽ ግድብ ትንሽ የሚሆነው ከሥሩ ቤት ለሌለው ሰው ነው።

መልስ 16

ይህን መልስ የጻፈው የዚያው ቀበሌ ልጅ ነው። በስልክ፣ በትንሽ በትንሹ፣ በሰባት ቁራጭ ላከው። ውይይቱን የለወጠው እሱ ነው።

ስፒልዌዩን የደፈኑት እነሱ እንደሆኑ ሳይደብቅ ተናገረ። የሥሩንም ቱቦ በማዳበሪያ ከረጢትና በድንጋይ የዘጉት እነሱ ናቸው። ምክንያቱም በበጋ ቅርብ የሚባለው ውሃ ደርሶ መልስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እህቶቹ አህያና ጀሪካን ይዘው በሌሊት ይነሳሉ። ግድቡ ሲሠራ ሽማግሌዎቹ ለከብት ውሃ ይያዝልን ብለው ለምነው ነበር። የተሰጣቸው መልስ ግድቡ ለከተማው ጎርፍ የታሰበ ስለሆነ ባዶ መሆን አለበት የሚል ነበር። እንግዲህ ውሃ በዓይናችን ፊት እየፈሰሰ ሲሄድ ቆመን እንይ ወይ ሲል ጠየቀ። የከተማ ሰው ትዝ የምንለው ጎርፍ ሲመጣ ብቻ ነው ብሎ ጨረሰ።

አፈርኩ። ለቅሶ ደርሼ፣ ቡና ጠጥቼ፣ ግድቡን ሳማርር የጠጣሁት ቡና ውሃ ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩም።

ከ17 እስከ 19

የሚያሳዝነው ክፍል ይህ ነው። አንድ ከከተማው ከከዚራ ሰፈር የሆነ ሰው፣ ለጥቂት ላሞች ብላችሁ ልትጨርሱን ነው ወይ የሚል ነገር ጻፈ። የቀበሌው ልጅም አልተወለትም፤ ጎርፉ መጀመሪያ የሚያገኘው የማንን ቤት እንደሆነ ካርታ አውጥቶ እንዲያይ መለሰለት። ቀጥሎ የመጣው ስድብ ስለነበረ የመድረኩ አስተባባሪ ሰረዘው። ልክ አድርጓል።

መልስ 20

ጋሼ ገብተው አበረዱት። ስፒልዌይ መድፈን የድሃ መንደር ጥፋት ብቻ እንዳልሆነ ነገሩን። አሜሪካ ጆንስታውን ከተማ በላይ የሀብታሞች መዝናኛ ማኅበር የያዘው የአፈር ግድብ ነበር። ለዓሣ ማጥመጃቸው ሲሉ ዓሣው እንዳያመልጥ ስፒልዌዩ ላይ መረብ አደረጉበት፤ ሠረገላ እንዲያልፍም አናቱን ዝቅ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1889 ሜይ 31 ዝናብ መጣ፣ ውሃው በአናቱ አለፈ፣ 2,209 ሰው ሞተ። ጋሼ ለቀበሌው ልጅ የጻፉት ግን እንደ አባት ነው። ውሃ መፈለጋቸው ፍጹም ልክ መሆኑን፣ ቦታው ግን ያ እንዳልሆነ።

ከ21 እስከ 24

እዚህ ጋ ነገሩ ተበታተነ። አንዱ ስለ ሐሮማያ ሐይቅ አነሳ። ሐረርን ያጠጣ የነበረው ሐይቅ ደርቆ ሰው እግሩን ሳያረጥብ ተሻግሮት ነበር፤ አሁን ውሃው ተመልሷል፤ እንዴት ተመለሰ በሚለው ላይ ሁለት ሰዎች ተከራከሩ። አንዷ ስለ ከሰል ጻፈች። ተራራው ላይ ዛፍ ከሌለና እርከኑ ከፈረሰ፣ ግድቡ በጥቂት ዓመት ደለል ይሞላል፣ ጎርፍ የሚይዝበት ቦታም ያጣል። ይህ ከወሬው የወጣ ይመስላል እንጂ አልወጣም። ደለሉን እኔም አይቻለሁ፤ ከብቶቹ ገብተው ጉልበታቸው ድረስ ይሰምጡበት ነበር።

ከ25 እስከ 29

ቁም ነገር የተሠራው እዚህ ነው። ሶማሌ ክልል የሠራ ልጅ ቢርካ እንዲታሰብ ሐሳብ አመጣ። ከግድቡ ጎን ራቅ ብሎ፣ ጣሪያ ያለው የውሃ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ የጎርፉ መጀመሪያ ወደዚያ ይጠለፋል። ከቢርካው በቱቦ ወደ ገንዳ ይወርዳል፣ ከብቱ ግድቡን ሳይረግጥ ይጠጣል። የቀበሌው ልጅ ሐሳቡን ወደደው፣ ግን ማን ይከፍላል አለ። ውጭ ያሉት ገንዘብ እናዋጣ ማለት ጀመሩ። እኔ እዚህ ላይ ገባሁና የተሰማኝን ጻፍኩ። ገንዘቡ መልካም ነው። ግን ዛሬ ግድቡን በየሳምንቱ የሚያይ አንድ ሰው የለም። ቢርካው እስኪሠራ ክረምቱ አይጠብቅም። መጀመሪያ ዓይን ያስፈልገዋል።

ነጋዴዋ ጥሩ ነገር አመጣች። ሌሊት አደጋ ቢታይ በምን ይነገር ብላ ጠየቀች። ስልክ በዝናብ ጊዜ ይጠፋል። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ግን እስከ ታችኛው መንደር ይሰማል። የቀበሌው ልጅ ከኢማሙ ጋር ሊነጋገር ቃል ገባ። በትር ያዋሰኝ እረኛ ልጅ ደግሞ ሃይላንድ እየሞላ እንዲደረድር ተስማሙ። ያ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ነው፣ ቀን ጽፎ መያዝ ይችላል። ጋሼ ግርጌው ላይ ከመቆም ይልቅ ከጎን ቀርቦ እንዲቀዳ፣ ዝናብ እየወረደ ደግሞ ጨርሶ እንዳይጠጋ አስጠነቀቁ።

ከ30 እስከ 32

ሰኔ 20 ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ የመንደሩ ወንዶች ወጥተው ስፒልዌዩን ጠረጉት። ፎቶው ተለጥፏል። የተነሳው ድንጋይ ከጎን ተከምሮ ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። የሥሩን ቱቦ ግን አልከፈቱም። ሽማግሌዎቹ የሐምሌ ዝናብ እስኪጸና ውሃውን እንደማይለቁ ተናግረዋል። ጋሼ አልተቆጡም። ቢያንስ በግማሽ እንዲከፍቱት ለመኑ።

መልስ 33

ማክሰኞ ሰኔ 24 ሌሊት ደጋው ላይ ዘነበ። ሐሙስ ጠዋት የቀበሌው ልጅ ሦስት ሃይላንድ ግንብ ላይ ደርድሮ ፎቶ ላከ። የመጀመሪያዋ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራች ናት። ሁለተኛዋም እንደዚያው። ከዝናቡ ማግስት የተቀዳችው ሦስተኛዋ ሥር፣ የጥፍር ውፍረት ያለው ቀይ ጭቃ ተኝቷል።

መልስ 34

ጋሼ ናቸው። ሦስተኛዋ ሃይላንድ ስንት ሰዓት ላይ እንደተቀዳች ጠየቁ። ቱቦው ዛሬውኑ እንዲከፈት፣ ከአሁን በኋላ በሳምንት ሳይሆን ጠዋትና ማታ እንዲቀዳ፣ ከግርጌው ወዲህ ያሉት አራት ቤቶች ሌሊት ሌሊት ከፍ ካለ ቦታ እንዲያድሩ ጻፉ። ከጂኦሎጂዋ ልጅ ጋር ነገ በሌሊት ተነስተው እንደሚመጡም አሳወቁ።

አሸዋና ጠጠር የጫነ አይሱዙ ተገኝቷል። እኔም አብሬያቸው ነኝ። አካፋና ዶማ ያላችሁ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ሳቢያን አደባባዩ ጋ እንገናኝ።